«አሁን መክፈሉ አይቀርም» ይለኛል ባለቤቴ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ ታታሪ ሰው ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ማታ ማታ ስልኩ ላይ ስፒን የሚባለውን፣ ሥዕሎች የሚሽከረከሩበትን የቁማር ጨዋታ ይጫወታል። ሁለት ሰባት ይመጣና ሦስተኛው ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። «አየሽ፣ ለጥቂት!» ብሎ ያሳየኛል። ብዙ ስለበላኝ አሁን መክፈሉ አይቀርም ባይ ነው። «ጨዋታው ከሚያስይዙት ብር 96 በመቶውን ይመልሳል ተብሎ ተጽፏል» ይላል። ሰሞኑን ዕቁብ ወጥቶልናል። ግማሹን አስገብቶ የተበላውን ሊያስመልስ አስቧል። እውነት ብዙ የተበላ ሰው ዕድሉ ይጨምራል? ጭቅጭቅ ሰልችቶኛል፤ የምነግረው ነገር ስጡኝ።

ሰ. ነኝ

እህቴ ሰ.፣ አይጨምርም። ባለቤትሽ እንዲህ የሚያስበው ግን ሞኝ ሆኖ አይደለም። ዕቁብ ያስለመደን ሒሳብ ነው። 20 ሰው ባለበት ዕቁብ መጀመሪያ ዕድልሽ ከ20 አንድ ነው። የወጣለት ሰው ዕጣ ተመልሶ ስለማይገባ ቀጥሎ ከ19 አንድ፣ ከዚያ ከ18 አንድ ይሆናል። እዚያ የቆየ ሰው ይደርሰዋል። ስፒን ላይ ግን የወጣው ዕጣ ሁሌም ተመልሶ ይገባል። ቁልፉን በነካ ቁጥር ፕሮግራሙ አዲስ ቁጥር በዘፈቀደ ያወጣል። ትናንት ስንት ብር እንደበላው አያውቅም።

ትልቁ ሽልማት ከ1,000 ዙር በአማካይ አንዴ ይወጣል እንበል። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ዙር ቢጫወቱ 37ቱ ገደማ አንዴም አያገኙትም። የእነዚህ ሰዎች ቀጣይ ዙርም ያው ከ1,000 አንድ ነው።

«ለጥቂት» የሚለው ነገር በጣም ያናድደኛል። ውጤቱ የሚወሰነው ቁልፉ ሲነካ ነው፤ ሥዕሎቹ የሚሽከረከሩት ለዓይን ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢንጌ ቴልናስ የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ፣ ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች ለሽልማቱ ምልክት ጥቂት፣ ለሌሎቹ ብዙ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ ሰባቷ ስክሪኑ ላይ የቀረበች ትመስላለች እንጂ አልቀረበችም።

96 በመቶውስ? እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የሚሊዮን ዙሮች አማካይ ነው እንጂ ለእሱ ብር የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ደግሞ 4 በመቶው የሚቆረጠው በየዙሩ ነው። በ10 ብር ሲጫወት በአማካይ 40 ሳንቲም ይሄዳል። በሰዓት 500 ዙር ከተጫወተ 200 ብር ማለት ነው። 1,000 ብር አስገብቶ የተመለሰለትን ሁሉ እንደገና ቢያስይዝ፣ ብሩ 17 ጊዜ ሲዞር በአማካይ ግማሹ የለም።

ከሒሳቡ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ «ላስመልስ» ማለቱ ነው። ሰው ቤቱን የሚያራቁተው እዚያ ላይ ነው። ስልኩን ይዞ ሳለ አታንሺበት፤ ጠዋት ሥራ ሳይወጣ፣ ረጋ ባለበት ሰዓት አውሪው። የዕቁቡን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪው፤ ያን በደንብ ያውቀዋል። ላቁም ብሎ ካቃተው ደግሞ አትስደቢው። የቁማር ሱስን የዓለም ጤና ድርጅትም በሕመምነት መዝግቦታል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ አብረሽው ሂጂ።

የዕቁቡን ብር ግን ነገ አትበይ። ለባጃጁ ጎማ ወይም ለቤት ኪራይ የሚሆነውን ዛሬውኑ ክፈሉ፤ የተረፈው እሱ ከስልኩ በማያንቀሳቅሰው፣ በአንቺ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ።