ዲናሞው ይግላል፣ ባትሪው ይከሰሳል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዕቃ የሚያመላልሱ አንድ አንባቢ ቀለበት መንገድ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክላቸው ጉልበት ይወርዳል፣ ዳሽቦርዱም ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ጋራዥ «ባትሪ ቀይር» ብሏቸዋል። ልቀይር ወይ ነው ጥያቄው።

አይቀይሩ፤ ቢያንስ ዛሬ አይቀይሩ። ከዕቃው ሁሉ ውዱ ባትሪው ነው፤ «ባትሪ ነው» የሚለው ፍርድ ለፈራጁ ይቀላል፣ ለከፋዩ ይከብዳል።

የፍጥነት ወሰኑን ለትራፊክ ፖሊስ ትቼ ወደ ሙቀቱ ልግባ። ዲናሞው (ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ወይም ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ዲናሞው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ከልክ በላይ ሲግል፣ ኮንትሮለሩ ራሱ የሚለቀውን አምፔር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት፣ ይቀንሳል። ይህ መከላከያ እንጂ ብልሽት አይደለም። ከባትሪ ድካም ለመለየት ሙሉ ቻርጅ አድርገው ይውጡ። ባትሪው ገና 80 በመቶ እያለ ጉልበቱ ከወረደ፣ ጥላ ሥር 20 ደቂቃ አቁመው ሲነሱ ደግሞ ያለ ቻርጅ ከተመለሰ፣ ሙቀት ነው። በጠዋቱ ብርድ፣ ቻርጁ 25 በመቶ ላይ ሆኖ ገና ሲነሱ ከደከመ፣ ያኔ ባትሪውን እንጠርጥር።

በ60 ደህና የነበረው በ80 የሚግለው ነፋስን ለመግፋት የሚፈጀው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ ነው። ከ60 ወደ 80 ሲሄዱ ፍጥነቱ በሲሶ ይጨምራል፤ ለነፋሱ የሚከፈለው ግን 2.4 ጊዜ ያህል ይሆናል። ብቻውን ለሚነዳ ሰው በ60 ወደ 1,700 ዋት የሚበቃው፣ በ80 ወደ 3,500 ይጠጋል። ዲናሞው ላይ የተጻፈው «3,000 ዋት» ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ የሚችለው ነው፤ ሳያርፍ የሚችለው ከዚያ ያንሳል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ዲናሞው ጎማው ውስጥ ከሆነ ሽቦው የተጠቀለለው በማይዞረው የመሃል ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ሙቀቱ የሚወጣው በቀጭን የአየር ክፍተትና በአክስሉ በኩል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ አየርም ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ነፋሱን ያቀልልናል፣ ማቀዝቀዙን ግን ያዳክመዋል።

ጉልበቱ ሲወርድ ወዲያው ዳር ይዘው ያቁሙና ይለኩ። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር አብረቅራቂ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፤ አስቀድመው ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉና እሱን ይለኩ። የዲናሞው ሽፋን 80 ዲግሪ ካሳየ ውስጡ ያለው ሽቦ 100 አልፏል። ኮንትሮለሩ ብቻ ከጋለ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ይፈልጉ፤ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ላይ ያለው ቴርማል ፔስትም (ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ሊሆን ይችላል። ከኮንትሮለሩ ወደ ዲናሞው ከሚሄዱት ሦስት ወፋፍራም ሽቦዎች አንዱ ብቻ ከጋለ ደግሞ መገናኛው ላልቷል። ባትሪው ተነቅሎ፣ የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ፣ አዲስ ተርሚናል በደንብ ይጨመቅበት። በፕላስተር ጠቅልሎ መመለስ ጥገና አይባልም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ዲናሞው ብቻ የሚግል ከሆነ መድኃኒቱ 65 ላይ መንዳት ነው። አይጣፍጥም፣ አውቃለሁ።

ሲግል ውሃ ላፍስበት ላሉት፦ አያፍሱ። የጋለ ዲናሞ ሲቀዘቅዝ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውሃ ካገኘ ውሃውን ይስባል።

ሌላዋ ጠያቂያችን ግራ የገባቸው ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሰው ጭነው ሲወጡ፣ በ20 ብቻ እየሄዱ፣ ሜዳ ላይ ከሚፈጥኑበት ጊዜ የበለጠ መጋሉ ነው። ዳገት ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ማለት አምፔር ነው። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ከባትሪ የሚወጣውን አምፔር ነው፤ ቀስ ብሎ በሚዞር ዲናሞ ሽቦ ውስጥ ያለው ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳገቱ ግርጌ ላይ ቆመው ከመነሳት ከታች ጀምሮ በ30 እና በ40 መካከል ይዘው ይውጡ። መንገዱ ከተዘጋጋ ተሳፋሪው ትንሽ በእግሩ ቢሄድ አይሞትም።

«ኮንትሮለሩን እንክፈተው፣ 95 ይሄዳል» ተብለው የጓጉ ወጣት አሉ። የኔ ወንድም፣ የሚከፈተው የአምፔሩ ገደብ ነው፤ አንዳንዴም የሙቀት መከላከያው አብሮ ይጠፋል። ዲናሞው ውስጥ ማግኔት አለ፤ ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ኃይሉን ማጣት ይጀምራል፣ የተሻሉት 120 ወይም 150 ይችላሉ፤ ያንተ የትኛው እንደሆነ ከፋች ነኝ ባዩም አያውቅም። በሙቀት የጠፋ የማግኔት ኃይል ሲቀዘቅዝ አይመለስም። ምልክቱ አሳሳች ነው፦ ጎማው ተነስቶ በባዶ ሲዞር ከድሮው ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ግን ይሰንፋል፣ የበለጠም ይግላል። ያኔ ዲናሞ መቀየር ነው።

ቤት ሲደርሱ ወዲያው ቻርጅ ስለ ማድረግ፦ ግማሽ ሰዓት ይታገሱ። ከ45 ዲግሪ በላይ የጋለ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም።

የባትሪው ሳጥን አብጦ «ግን ይሠራል» ያሉን እናት ግን ይህን እንዳነበቡ ይተዉት። አይንዱት፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ አይክፈቱት፣ ለልጅም አያስከፍቱት። መኝታ ቤትና ደረጃ ሥር አያሳድሩት፤ ከቤትና ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ውጭ፣ ዝናብ በማይደርስበት ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት። የሊቲየም ባትሪ የሚጠግን ባለሙያ ራሱ መጥቶ ይየው፤ የሰፈር መካኒክ እንዳይነካው፣ እለምንዎታለሁ።

የጎማ ንፋስ ለሙቀት ያገባዋል ወይ? ያገባዋል፤ በየሳምንቱ ይለኩ፣ ልኩ ጎማው አጠገብ ባለው ምልክት ላይ ተጽፏል። ሲለኩ ሞተሩን አጥፍተው የኋላውን ጎማ አንስተው በእጅ ያዙሩት። ፍሬኑ የሚይዘው ከሆነ ቀኑን ሙሉ ከፍሬን ጋር ሲታገሉ ውለዋል ማለት ነው። ፍሬኑ ነፃ ሆኖ እየተንገጫገጨ ከከበደ ደግሞ ኮንትሮለሩ ውስጥ ሾርት ሊኖር ስለሚችል ባለሙያ ይፈልጉ።