የወላጆች ድምፅ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር፦ ጥያቄና መልስ

ልጆቼ ይማሩበት በነበረ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቦርድ ውስጥ ለዓመታት የወላጆች ተወካይ ሆኜ አገልግያለሁ፤ ከዚያም ወዲህ አዲስ ተመራጮችን ሳማክር ቆይቻለሁ። ወላጆች የሚያሳስባቸውን ሁሉ እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙዎች የሚጋሯቸውን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የቦርድ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ። ሥራዬ ትምህርት ቤቱን መምራት ነው ወይስ ርዕሰ መምህሩን መርዳት?

መልስ፦ ቦርድ ትምህርት ቤቱ ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ይወስናል፣ በጀቱን ያጸድቃል፣ የተወሰነው መፈጸሙንም ይከታተላል፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ግን የሚሠራው ርዕሰ መምህሩ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ነው። ለምሳሌ ብዙ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ማንበብ እንደማይችሉ ከውጤታቸው ከታወቀ፣ ለንባብ የተመደበው ሰዓትና መጽሐፍ በቂ መሆኑን መጠየቅና ለውጡን በየመንፈቅ ዓመቱ መከታተል የእናንተ ድርሻ ነው። የትኛዋ መምህርት የትኛውን ክፍል ትያዝ፣ በምን ዘዴ ታስተምር የሚለው ግን የእናንተ አይደለም። ይህን ድንበር የሚያልፉ ተመራጮች ብዙውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም መምህራኑን ያስቀይማሉ፣ ርዕሰ መምህሩም ሥራው ሲጓደል «ያዘዘኝ ቦርዱ ነው» የሚልበት ምክንያት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እዚያ ገብቼ ምን ልናገር እችላለሁ?

መልስ፦ መጽሐፉ ስንት ወር ዘግይቶ እንደደረሰ፣ መምህሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቀር፣ ልጅዎ ማታ ደብተሩን ሲከፍት የቱ ላይ እንደሚቸገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይህ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ተሟልቶ አይገኝም። የሰነዱ ቋንቋ ከከበደዎት ሰብሳቢው በቀላል አነጋገር እንዲያስረዳዎት ይጠይቁ። ከተማሩት አባላት መካከልም ሳይገባቸው ዝም ያሉ ስላሉ፣ የእርስዎ ጥያቄ እነርሱንም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ቦርድ ውስጥ ወላጆች አብላጫ ቢሆኑ ችግሩ አይፈታም?

መልስ፦ አብላጫ መሆን ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ቤቶች ሕግ የወላጆች ቁጥር ድምፅ ካላቸው ከሌሎቹ አባላት ድምር በ1 እንዲበልጥ፣ ሰብሳቢውም በትምህርት ቤቱ የማይሠራ ወላጅ እንዲሆን ይደነግጋል። ይሁንና ቁጥር ብቻውን ድምፅ አይሆንም፤ 7 ወላጆች ሰነዱን ሳያዩ ከተሰበሰቡ ሰነዱን ያዘጋጀው አንድ ሰው ይበልጣቸዋል። ይህም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል፤ ከሁሉም በላይ የምቆረቆርለት ጉዳይም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የበጀቱ ወረቀት የሚታደለን ስብሰባው ላይ ነው፤ በዚያው ሰዓት እጅ አውጥተን እናጸድቃለን። ይህ ተሳትፎ ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ከላይ የጠቀስኩት ሕግ በጀቱ የሚቀርብበት የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት እንዲነገር ያዛል፤ ምክንያቱም ሰው ሳይመረምር ያጸደቀውን ነገር ኋላ ሊቆጣጠረው አይችልም። የእናንተ ደንብ ስለ ጊዜው ዝም ቢል እንኳ «ሰነዱ ከስብሰባው 2 ሳምንት አስቀድሞ ይድረሰን» የሚል ውሳኔ አስወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስይዙ።

ሰነዱ ሲደርሳችሁ አምና የጸደቀው፣ አምና በተግባር የወጣው፣ ዘንድሮ የተጠየቀው በአንድ ገጽ ጎን ለጎን መቀመጡን ተመልከቱ። ካልተቀመጠ እንዲቀመጥ ጠይቁ፤ ከዚያም ሰፊ ልዩነት ያለበትን ረድፍ ይዛችሁ ምክንያቱን አድምጡ። የመምህራን ደመወዝ በአብዛኛው ከመንግሥት ስለሚከፈል ቦርዱ የሚወስንበት ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው፤ መጽሐፉ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ጥገና፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ የሚገዛው ግን ከዚያው ከትንሹ ስለሆነ ልጆቻችን ጉድለቱን ወዲያው ያዩታል።

ገንዘቡ መጽደቁን ብቻ ሳይሆን መድረሱንም ጠይቁ። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ከተመደበው ድጎማ ውስጥ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚልከውን መጠን በጋዜጣ ያሳትም፣ ትምህርት ቤቶችም የተቀበሉትን ይለጥፉ ጀመር፤ የሚደርሰውም ድርሻ እጅግ አደገ። ለዕድገቱ ሌሎች የበጀት ማሻሻያዎችም ድርሻ ነበራቸው ብለው የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፣ ክርክራቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ወላጆች ከዚያ በፊት ያልጠየቁትን ሲያስጠይቃቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን «የወላጆች ተሳትፎ» የሚለው መዋጮን ነው።

መልስ፦ መዋጮ እርዳታ ነው፤ የሚመሰገንም ነው። ነገር ግን የከፈለ ይናገር፣ ያልከፈለ ዝም ይበል ከተባለ የድሃው ልጅ ወኪል ያጣል። ምን ያህል እንደተሰበሰበና በምን ላይ እንደዋለ በደረሰኝ ተደግፎ ይነገራችሁ፤ መክፈል ያልቻለ ወላጅ ስምም በስብሰባ ላይ አይነሣ።

ጥያቄ፦ ብናገር በልጄ ላይ ይበቀሉብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። እኔ ራሴ ስለ አንድ ግዢ ከጠየቅሁ በኋላ ልጄ ለሳምንታት በክፍሉ ውስጥ «የጠያቂው ልጅ» ተብሎ ሲጠራ ሰንብቷል፤ ያ እስከ ዛሬ ያመኛል። ከዚያ የተማርኩት ብቻዬን አለመቅረብን ነው። ጥያቄውን ሦስትና አራት ወላጆች ሆናችሁ፣ የማንንም ልጅ ሳትጠቅሱ፣ በጽሑፍ ለሰብሳቢው አቅርቡና ቁጥር ተሰጥቶት በአጀንዳ እንዲያዝ አድርጉ። በቀል ከደረሰ ቀኑንና የተባለውን መዝግባችሁ ከትምህርት ቤቱ በላይ ላለው የትምህርት አስተዳደር አቤት በሉ።

ጥያቄ፦ ወላጆች ስብሰባ አይመጡም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሰዓቱን መርምሩ፤ የቀን ሠራተኛን በሥራ ሰዓት ጠርቶ ቀረ ማለት ፍትሕ አይደለም። ሌላውና ክብደት ያለው ምክንያት ግን መጥተው የተናገሩት የት እንደደረሰ አለማወቃቸው ነው። በአሜሪካዋ ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት 6 ወላጆች የሚገኙበት፣ ርዕሰ መምህር የሚመርጥና በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት እንዲኖረው ተደርጎ ነበር፤ በመጀመሪያው ምርጫ የታየው ብርቱ ተሳትፎ ግን በተከታዮቹ ምርጫዎች ቀነሰ። ሥልጣን መስጠት ብቻውን ሰውን አላቆየም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስብሰባ ባለፈው ጊዜ በተነሡት ጥያቄዎች መልስ ጀምሩ፤ ያልተመለሰውንም ለምን እንዳልተመለሰ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ይጨርሳል፤ እኔም ከቦርዱ እወጣለሁ። የጀመርነው ሥራ ምን ይሆናል?

መልስ፦ በቃል ብቻ ካስረከቡት ተተኪዎ እንደ አዲስ ይጀምራል። የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤዎችን፣ የበጀት ሰነዶችንና መልስ ያላገኙ ጥያቄዎችን ዝርዝር በአንድ ማኅደር አድርገው በጽሑፍ ያስረክቡ፤ ከተቻለም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከጎኑ ይቀመጡ።