«ነክሶኝ አያውቅም፤ ግን እፈራዋለሁ»፦ ስለ ውሻና ስለ ሰው ገጠመኝ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዳርቻ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በእንስሳት ሕክምና ስሠራ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ውሻውን ሊያስከትብ የሚመጣ ሰው ስለ ውሻው ጤና አንድ ጥያቄ ከጠየቀ ስለ ራሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ ሁለት ሳይጨምር አይመለስም፤ አንዱ «ልጄ ለምን እንደሚፈራው አልገባኝም» ይላል፣ ሌላው ባለቤቱ ውሻው ካልታሰረ ከቤት እንደማትወጣ ይነግረኛል። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት እንዲህ ያለውን ጥያቄ በጽሑፍ እንዲያቀርቡልኝ ጋብዤ የደረሱኝን እነሆ መልሻለሁ። የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው በሥራ ላይ ካየሁትና በጉዳዩ ላይ ካነበብኩት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ውሻ ነክሶኝ አያውቅም። ሆኖም ከሽምብጥ ሰፈር ወደ ቤቴ ስመለስ ውሻ ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ያልደረሰብኝን ነገር እንዴት እፈራለሁ?

መልስ፦ እንደ እርስዎ ያለ ሰው በብዛት ይገጥመኛል። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን በዘረጋ ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት፤ ሕፃኑም ከጊዜ በኋላ አይጡን ገና ሲያየው ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ፍርሃት የሚመጣው በራስ ላይ ከደረሰ ክፉ ነገር ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ስታንሊ ራክማን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ሁለት ሌሎች መንገዶች እንዳሉ አስረዳ፤ አንደኛው ሌላ ሰው ሲፈራ ማየት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲወራ መስማት ነው።

የማየቱን ነገር በዓይኔ ካየሁት ላስረዳ። በአንድ የክትባት ቀን ሕፃን ያዘለች እናት ሰልፉ አጠገብ ቆማ ነበር። ሕፃኑ ከፊታቸው ወደ ተቀመጠው ውሻ እጁን ዘርግቶ ይስቅ ነበር። ውሻው አጠገቡ የነበረ ረግጦት ኖሮ አጉረመረመ። እናቲቱ አልጮኸችም፣ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የአንቀልባውን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ አለች። ሕፃኑ የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ ፊቱን አንገቷ ሥር ደበቀ፤ ሰልፉ እስኪያልቅም ቀና አላለም። ያ ልጅ ሲያድግ «ነክሶኝ አያውቅም» ቢል እውነቱን ነው።

መስማትን በተመለከተ ደግሞ «ዝም ካላልክ ውሻው ይበላሃል» ሳይባል ያደገ ልጅ በሰፈራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ በራስ ላይ ከደረሰ ነገር ስለሚመጣው ፍርሃት መናገራቸው ነው፤ እባቡን ያላየው ሰው ያየውን ተመልክቶ እንደሚደነብር ግን አልጨመሩበትም።

ጥያቄ፦ እኔና ታላቅ ወንድሜ በልጅነታችን በአንድ ቀን አንድ ውሻ ነከሰን። እሱ ዛሬ ሁለት ውሾች ያሳድጋል፤ እኔ ግን ግቢው ውስጥ እግሬን አላስገባም። ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔ ደካማ ስለሆንኩ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ውሻ የሚፈሩና የማይፈሩ ተማሪዎችን ስለ ቀድሞ ገጠመኛቸው ጠይቆ ነበር። ውጤቱ ብዙዎች እንደሚጠብቁት አልሆነም፤ መነከስና መባረር የማይፈሩትም ዘንድ ከሚፈሩት ባልተናነሰ ተገኘ። የሚፈሩትን የለያቸው ውሻ በገጠማቸው ጊዜ «በእርግጥ ይጎዳኛል» ብለው መጠበቃቸው ነበር። እንግዲህ ጥርሱ ብቻውን ፍርሃትን አይሠራም ማለት ነው። እኔ ሰዎችን ስጠይቅ ከንክሻው ቀን ይልቅ ከእሱ በፊት የነበሩትን ዓመታትና ከእሱ በኋላ የመጡትን ሳምንታት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

በፊት የነበረውን እናስቀድም። ወንድምዎ ታላቅ ስለሆነ ምናልባት ከብት ሲጠብቅ ከውሻ ጋር ውሎ፣ ቁራሹን አካፍሎ፣ ብርድ ሲሆን ጎኑ ተጠግቶ ይሆናል። መቶ መልካም ቀን ያሳለፈ ልጅ አንድ ክፉ ቀን ቢገጥመው «ይህ ውሻ ክፉ ነው» ይላል፤ የመጀመሪያ ትውውቁ በንክሻ የሆነ ልጅ ግን «ውሻ ክፉ ነው» ብሎ ይደመድማል። ቀድሞ የተከማቸ መልካም ልምድ ኋላ የሚመጣውን ፍርሃት እንደሚያለዝበው በጥናትም የታወቀ ነው።

በኋላ የመጣው ደግሞ በእኛ አገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የቀድሞው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። በጎልማሳነታቸው ውሻ የሚፈሩ ሰዎች ስለ ንክሻው ሲተርኩልኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ስለ መርፌው ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ ማን እጃቸውን እንደያዘ፣ ማን እግራቸው ላይ እንደተቀመጠ፣ በስንተኛው ቀን ማልቀስ እንዳቆሙ ሁሉ ያስታውሳሉ። አንድ ሰው እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ነግሮኛል፤ ተነክሶ በቤት በቆየበት ጊዜ ውሃ በቀረበለት ቁጥር የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር፤ በበሽታው የተያዘ ሰው ውሃ ይፈራልና። ልጁ ምን እንደሚጠብቁ ባያውቅም የሚያስፈራ ነገር እንደሚጠብቁ አውቋል። ያ ሰው ዛሬ የሚፈራው ውሻውን ነው ወይስ ያንን ዝምታ? እኔ ዝምታውን ነው ባይ ነኝ። እርስዎና ወንድምዎ በነዚያ ሳምንታት ማን ዘንድ እንደቆያችሁና ምን እንደተባላችሁ ቁጭ ብላችሁ ብትጠያየቁ መልካም ነው። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥና ቁጥሩም ጥቂት በመሆኑ የዛሬ ልጆች ከዚያ ስቃይ ድነዋል።

ጥያቄ፦ ማለዳ በሐይቁ ዳር ስሮጥ ውሾች ያባርሩኛል። እኔን ለይተው የሚጠሉኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ውሻን ለማሳደድ ይገፋፋዋል እንጂ በእርስዎ ላይ ቂም የለውም። ሲጠጋዎት ሩጫውን ያቁሙ፣ ዓይኑን ትክ ብለው አይመልከቱት፣ ጎንዎን ሰጥተው በዝግታ ይለፉ። ድንጋይ ግን አያንሱ። አንድ ማለዳ በዚያው መንገድ ላይ የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ስል ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ተኝታ የነበረች ቡናማ ውሻ ብድግ ብላ፣ ጆሮዋን አጥፋ፣ ጭራዋን በእግሮቿ መካከል ሸጉጣ ሸሸች። እጄ ገና ክሩን አልነካም ነበር። ገጠመኝ ስሜትን የሚቀርጸው የሰውን ብቻ አይደለም፤ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከሰው እጅ ምግብና ዳበሳ ካገኘ ሰውን ወዳጅ ያደርጋል፣ በዚያ ዕድሜው ድንጋይ ብቻ ካገኘ ግን ወይ ሲሸሽ ወይ ሲናከስ ይኖራል። የተናከሰው ውሻ ደግሞ ሌላ ልጅን ድንጋይ ወርዋሪ ያደርጋል፤ ከየትኛው ወገን እንደተጀመረ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ውሻ ፍርሃትን በማሽተት ይለያል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በቤልፋስት በተደረገ ጥናት የሠለጠኑ ውሾች የተጨነቀን ሰው ላብና ትንፋሽ ከዚያው ሰው የእረፍት ጊዜ ላብና ትንፋሽ ለይተዋል። ይህ ማለት ግን ውሻው ስለሸተተው ብቻ ይነክሳል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሻ ከነኩ እንደሚረክሱ ተነግሮን አደግን። እንዲህ ያለው አስተዳደግ ፍርሃት ነው ወይስ ሥርዓት?

መልስ፦ ሁለቱን መለየትዎ ደስ አሰኝቶኛል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ከሁሉም አቅጣጫ የሚዋከብን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ በተለይ በሻፊዒይ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ወገን) ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንደኛውም በአፈር፣ እንዲታጠብ ታዝዟል፤ ለአደንና ለጥበቃ ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው። ይህ ሁሉ ስለ ንጽሕና የወጣ ሥርዓት ነው፤ ውሻን ጥሉ ወይም ፍሩ የሚል የለበትም። በባለጠጋው ነዌ ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱለት ውሾች ናቸው፤ በመጽሐፈ ጦቢትም ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮ ይሄዳል፤ በቁርኣኑ ሱረቱል ካህፍም ከዋሻው ሰዎች ጋር ውሻቸው ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ተጠቅሷል።

በእኔ አስተያየት ልጆችን ፍርሃት የሚያስተምራቸው ሥርዓቱን የምናስከብርበት መንገድ ነው። አንድ ዲያቆን ወይም ሽማግሌ ውሻዋን በዘንግ ቀስ ብሎ ከቅጽሩ ሲያስወጣት ያየ ልጅ ምንም አይማርም። አሥር ልጆች በድንጋይ ሲያሳድዷት አብሮ የወረወረ ልጅ ግን ማታ ብቻውን ሲሄድ ያችኑ ውሻ ቢያገኛት ምን ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄን የጎረቤት ውሻ አባርሯት ከወደቀች ወዲህ ትምህርት ቤት በእግሯ አልሄድም አለች። አባቷ «ውሻውን በግድ ትዳብሰውና ይለቃታል» ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስትወድቅ የተጎዳ ሰውነቷን በሚገባ ይዩት። ጥርስ ያረፈበት፣ ሌላው ቀርቶ ቆዳዋ ላይ የተጫረ ነገር ካለ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ያለ ምንም መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጠበል ለምትወስዱም ይህ አይከለክልም፤ ከታጠበና ከተከተበ በኋላ ይደርሳል። ልጆች ሲነከሱ እንቆጣለን ብለው ስለሚደብቁ «ምንም ብትሆኚ ለእኔ ንገሪኝ» የሚለውን ቃል አሁኑኑ ይንገሯት።

ወደ ፍርሃቱ ስንመለስ የአባቷን ሐሳብ አልደግፍም። በግድ የተደረገ ነገር ሁለተኛ ክፉ ገጠመኝ ይሆናል። የሚሠራው ሌላ ነው። አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት እኩያቸው የሆነ ልጅ ከውሻ ጋር ቀስ በቀስ ሲቀራረብ ለአራት ቀናት በአጭር በአጭሩ እንዲያዩ ተደረገ፤ ከዚያም ይህን ካላዩት ልጆች ይልቅ ውሻን ለመቅረብ ደፍረው ተገኙ። ስለዚህ ከአባቷ ይልቅ የአክስቷ ልጅ ትጠቅማለች።

በባሕር ዳር ሌላም ዕድል አለልዎት። ማለዳ ዓሣ የሚያወጡበት ዳርቻ ላይ ይውሰዷትና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። እዚያ ያሉት ውሾች ዓይናቸው ዓሣውን ከሚከፍተው ሰው ቢላዋ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚውን አያዩትም። የአምባዛው አንጀት ሲወረወር ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚቀማ፣ የትኛው ከአባኮዳ ወፍ ጋር እንደሚጣላ ልጅቷ ራሷ እንድትቆጥር ያድርጉ። እርምጃውን የምትወስነው እሷ ትሁን፤ በሳምንቱ አምስት እርምጃ ብትጠጋ በቂ ነው፤ ምግብ ላይ ያለን ውሻ ግን ማንም አይነካም። ከዚያ በኋላ የታወቀና የተከተበ፣ በገመድ የተያዘ ረጋ ያለ ውሻ፤ ከዚያም አባቷ የሚመኘው መዳበስ ይመጣል፤ ባይመጣም ምንም አይደለም። ፍርሃቱ አንዳንዴ ተመልሶ ብቅ ሊል ይችላልና «ተሽሎሽ አልነበር?» ብላችሁ አታሳፍሯት።

ጥያቄ፦ ውሻ ሌሊት ሲያላዝን ሞት አለ ይባላል። አያቴ ሲሞቱ አላዝኖ ነበር።

መልስ፦ አያትዎ ባልሞቱባቸው ሌሊቶችም አላዝኗል፤ በማግስቱ ለቅሶ ስላልነበረ ማንም አላስታወሰውም።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን የባዘኑ ውሾች በመርዝ ሲገደሉ የእኛም ውሻ አብሮ ሞተ። የ9 ዓመት ልጄ ሲንፈራገጥ አይቶታል። አሁን ሌላ ቡችላ ላምጣለት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። በመጀመሪያ ስለ መርዙ፦ በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚያዙት ከውሻ በመሆኑ ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በሽታው የሚገታው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን በመከተብ እንጂ በመግደል አይደለም፤ በሞቱት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉና። ደግሞም መርዙ የሚያገኘው ምግብ ከሰው እጅ የሚቀበለውን፣ ባለቤት ያለውንና የተከተበውን ውሻ ጭምር ነው፤ የእናንተም የሞተው በዚሁ ነው።

ልጅዎ ከዚህ ገጠመኝ የሚማረው ስለ ውሻ ላይሆን ይችላል፤ ሥጋ የወረወረውን ሰው ይፈልግ ይሆናል። «ሽማግሌ ስለሆነ ነው የሞተው» ብለው አይዋሹት፤ አይቷል። ማን እንዳደረገውና ለምን እንዳደረገው ከጠየቀ የሚያውቁትን ያህል ይንገሩት። ቡችላውን ደግሞ እሱ ራሱ እስኪያነሳው ይጠብቁ፤ ሲያነሳው ስሙን እሱ ያውጣለት፤ የሟቹን ስም ግን አይድገሙበት። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይዘውልኝ ይምጡ፤ ልጁም አብሮ ይምጣና መርፌው ሲወጋ ጭንቅላቱን እሱ ይያዝለት።