የሳንባ ምቹን ያመጣው የአንገታቸው ቀዳዳ ነውን?

ጥያቄ፦ አባቴ ጭንቅላታቸው ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። በአፋቸው የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ብዙ ቀን በመቆየቱ ሐኪሞቹ አንገታቸውን ቀደው ቱቦውን በዚያ በኩል አስገቡላቸው፤ ፈቅጄ የፈረምሁት እኔ ነኝ። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፤ የሳንባ ምች ነው ተባልን። ባልፈርም ኖሮ ይህ አይደርስባቸውም ነበር? ከእንግዲህስ ምን እንጠብቅ?

መልስ፦ ፊርማዎ አባትዎን ለምች አልዳረጋቸውም። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሕመምተኛ ቱቦው በአፉም ይግባ በአንገቱ ከ48 ሰዓት በኋላ ለዚህ ምች የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጣሊያን ጥናት ትራኪዮስቶሚ (አንገትን ቀዶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት) ቀደም ብሎ የተሠራላቸውንና ዘግይቶ የተሠራላቸውን ሕሙማን ሲያነጻጽር፣ በምች በመያዝ ረገድ አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም።

ምቹ በአብዛኛው የሚነሣው ከላይ ከሚወርደው ፈሳሽ ነው። ቱቦው ከታችኛው ጫፉ አጠገብ በአየር የሚነፋ ትንሽ ፊኛ አለው፤ ባለሙያዎቹ «ከፍ» ይሉታል። ይህ ፊኛ የአየር ቧንቧውን ጥርቅም አድርጎ አይዘጋውም፤ ምራቅና ከሆድ የተመለሰ ፈሳሽ ከበላዩ ይጠራቀምና በፊኛው እጥፋቶች መካከል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በጉዳቱ ምክንያት መዋጥና ማሳል የተሳነው ሰው ደግሞ የወረደውን መልሶ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማለቱ፣ አፋቸው በጥርስ ብሩሽ መጽዳቱና የፊኛው ግፊት በየጊዜው መለካቱ ተራ ሥራ አይደለም። ግፊቱ «ሴንቲ ሜትር ውሃ» በሚባለው የግፊት መለኪያ ከ20 እስከ 30 መሆን አለበት፤ ሲያንስ ፈሳሹ ይሾልካል፣ ሲበዛ የቧንቧው ግድግዳ ደም ያጣና ይቆስላል፤ ጠባሳውም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቧንቧውን ሊያጠብበው ይችላል።

ከቱቦው በተወሰደ አክታ ውስጥ ባክቴሪያ ቢገኝ አይደንግጡ። ቱቦ ባለበት ቦታ ባክቴሪያ መስፈሩ የተለመደ ነው፤ ምች ለማለት ትኩሳት፣ የአክታ መብዛትና መደፍረስ፣ የኦክስጅን ማነስና በኤክስሬይ የሚታይ ለውጥ አብረው ይታያሉ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ለማዘዝ ቢያመነታ ቸልተኝነት ነው ብለው አይፍረዱበት። ከታዘዘም ብዙ ጊዜ 7 ቀን ያህል ይበቃል።

ከምቹ ሌላ የሚያሳስቡኝ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቱቦው መዘጋት ነው፤ አየር በአፍንጫ አልፎ ስለማይረጥብ አክታ ይደርቅና በቱቦው ውስጥ ይጋገራል፤ ሲተነፍሱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ከሰሙ ወይም ደረታቸው ሲታገል ካዩ ወዲያው ነርስ ይጥሩ። ሁለተኛው የቱቦው መውጣት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት ቀዳዳው ገና ስላልጸና ቱቦው ቢወጣ መልሶ ማስገባት አደገኛ ነውና፣ አባትዎን ሲያገላብጡ አንድ ሰው ቱቦውን በእጁ ይያዝ።

ሦስተኛው ደም ነው። ከቀዶ ሕክምናው ከጥቂት ቀናት በኋላ በቱቦው ወይም በዙሪያው አዲስ ደም ቢታይ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በራሱ ቢቆምም እንኳ፣ ለሐኪሙ ሳይነገር አይደር። መንስኤው ብዙ ጊዜ ቀላል ቁስል ነው፤ አልፎ አልፎ ግን በአየር ቧንቧው ፊት ለፊት የሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር መበሳቱን አስቀድሞ የሚያሳይ ምልክት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከደቂቃዎች በላይ ጊዜ አይሰጥም።