ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የአውራ ጣት ጉብታ በትንሽ ቀዳዳ ሲሠራ

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ ዘጌ ቡና እየለቀምኩ ነው የምኖረው። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ሁለተኛው ጣት ዘሞ ጎኑ ጉብ ብሏል፤ ሰፊ ጫማም አላስታገሰኝም። ባሕር ዳር ቆሜ በተነሣሁት ራጅ የጣቱ ዝማሜ 32 ዲግሪ፣ ከኋላው ባሉት ሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ደግሞ 14 ተብያለሁ። በትንሽ ቀዳዳ ከሚሠሩት ቀዶ ጥገናዎች የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ቆመው መነሣትዎ ጥሩ ነው፤ ተኝተው ቢሆን ዝማሜው አንሶ ይታይ ነበር። ልኩ መካከለኛ ነው። ጉብታው የበቀለ ሥጋ ሳይሆን ከጣቱ ኋላ ያለው ረጅም አጥንት ራስ ነው፤ ወደ ግራ እግርዎ በኩል ሸሽቶ ቆዳውን ይገፋል። ላዩን ብቻ ማስፋቅ ስለዚህ አያዋጣም።

ሦስቱም ዘዴዎች ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች አጥንቱን በመሰርሰሪያ ቆርጠው ያቃናሉ። የሚለያዩት የተቆረጠውን በሚይዘው ነገር ነው።

በፋሻ ብቻ የሚያዘው ለቀላል ዝማሜ ነው፤ በየሳምንቱ ተፈትቶ በልኩ መታሰር አለበት። ከላላ አጥንቱ እንደዘመመ ይገጥማል። ለእርስዎ በየሳምንቱ ጀልባ ማለት ነው፤ አልመክርዎትም።

በሽቦ ሲሆን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ከጣቱ ጎን በቆዳ ሥር አልፎ አጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ውጭ ቀርቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይነቀላል። ወጪው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ጭቃና ላብ በጫፉ ዙሪያ መግል ያመጣሉ።

በሁለት ብሎን የሚያዘው ለእርስዎ ልክ የተሻለው ይመስለኛል፤ ውጭ የሚቀር ነገር የለውም። የብሎኑ ራስ ቆዳውን ከነካ ግን በኋላ ማስወጣት ሊያስፈልግ ይችላል። የአጥንቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ የላላ ከሆነ ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ ይሁንልኝ ብለው አይሟገቱ፤ ተከፍቶ መገጣጠሚያውን ማጣበቅ ይበጃል።

ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በዚህ ዘዴ ስንት ሰው ሠርተዋል? ቀዶ ጥገና ክፍሉስ አጥንቱን በስክሪን የሚያሳይ ራጅ አለው? መሰርሰሪያው ያለማቋረጥ ውኃ ካልፈሰሰበት ቆዳና አጥንት ያቃጥላል፤ ልምድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜውን ለቀማው ሲያልቅ፣ የካቲት አካባቢ ቢያደርጉት ከዝናቡ በፊት ያገግማሉ። ሶሉ በማይታጠፍ ጫማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይራመዳሉ፣ ለ6 ሳምንትም አያወልቁትም። ሁለቱን የመጀመሪያ ሳምንታት እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። ድንጋያማው መንገድና ሸክም 3 ወር ይቆይ፤ እብጠቱ እስከ 6 ወር ሊዘልቅ ስለሚችል አይደንግጡ። ባትዎ አብጦ ካመመዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።