ስታስነጥሺ ሽንት ለሚያመልጥሽ እህቴ፦ ፊዚዮቴራፒው ይሠራል፣ ግን መጀመሪያ ተመርመሪ

ጥያቄሽን አየሁት። ከወለድሽ ሰባት ወር ሆኖሻል። ስታስነጥሺ፣ ስትስቂ፣ ልጁን ብድግ ስታደርጊ ሽንት ያመልጥሻል፣ ሞዴስ ሳታደርጊ ከቤት አትወጪም። አንዷ ጓደኛሽ ፊዚዮቴራፒ ሂጂ ስትልሽ ሌላዋ «የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት፣ ቻይው» አለችሽ። ፊዚዮቴራፒ የወገብ አይደለም እንዴ፣ ደግሞ ወንድ ቢሆንብኝስ ብለሻል። እኔ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። (ስለ ቡናው ግን ታች የምለው አለኝ።)

በመጀመሪያ «ቻይው» የሚለውን እርሺው። ብዙ ሴት ላይ መድረሱ እውነት ነው፣ አይታከምም ማለት ግን ውሸት ነው። ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ለሚያመልጥ ሽንት ቀድሞ የሚሞከረው ኦፕራሲዮን ወይም ክኒን ሳይሆን የጡንቻ ልምምድ ነው፣ ፊዚዮቴራፒስቷ የምታሠራሽም እሱን ነው። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ቢያንስ ለ3 ወር በባለሙያ ክትትል ይሠራ ይላል። እህቴ ፈረንሳይ አገር ስትወልድ ይሄ ፊዚዮቴራፒ እንደ ማንኛውም ክትትል ታዘዘላት፣ ኢንሹራንሱም ሸፈነላት። እኛ ጋ በ45 ቀን ክትባት ስንሄድ ልጁን ይመዝኑታል፣ ይወጉታል፣ እናትየውን ሽንት ያመልጥሻል ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም። እኔም የጠየቀኝ አልነበረም፣ አሁንም ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብልት በላይ ካለው አጥንት ተነስቶ እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ ጡንቻ አለ፣ የዳሌ ወለል ይሉታል። የሽንት ፊኛው፣ ማህፀኑና የትልቁ አንጀት መጨረሻ ያረፉት እሱ ላይ ነው። ጠፍር አልጋን አስቢ፣ ጠፍሩ ሲላላ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። እርግዝናው ወራቱን ሙሉ ይጫነዋል፣ ምጡ ደግሞ ይለጥጠዋል። በኦፕራሲዮን የወለደችም ሙሉ በሙሉ አታመልጥም፣ ሸክሙን ተሸክማዋለችና።

እኔ የሄድኩባት ባለሙያ የመጀመሪያውን ቀን ምንም አላሠራችኝም፣ ስታወራኝ ነው ያለቀው። ምን ያህል ትጠጫለሽ፣ ሌሊት ትነሻለሽ ወይ፣ ሆድ ድርቀት አለብሽ ወይ፣ ግንኙነት ላይ ያምሻል ወይ፣ ስትወልጂ ተሰፍተሻል ወይ። የጠጣሁትን፣ የሸናሁበትን ሰዓትና ያመለጠኝን የምጽፍበት ወረቀትም ሰጠችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንሶላ አልብሳኝ ጋደም አልኩ፣ ጓንት አድርጋ በአንድ ጣት መረመረችኝ። ብረት የለውም፣ አያምምም። «ሰብስቢ» አለችኝ። የሰበሰብኩ መሰለኝ። «ያጠበቅሽው ቂጥሽን ነው፣ ትንፋሽሽንም ይዘሻል፣ ቅንድብሽ ሳይቀር እየሠራ ነው» ስትለኝ ሳቄ መጣ፣ ሳቄ ሲመጣ ደግሞ ያው የሄድኩበት ጉዳይ እዚያው አልጋው ላይ ተከሰተ። እሷ ምንም እንዳልሆነ ሶፍት አቀብላኝ ቀጠለች።

ይሄን የማወራሽ በምክንያት ነው። ዩትዩብ ላይ «ኬግል ሥሩ» የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፣ ግን ብዙ ሴት ሰብስቢ ስትባል ወደ ላይ በማንሳት ፈንታ ወደ ታች ታምጣለች። ያ ደግሞ ያባብሰዋል። ልምምዱ ስሙን ያገኘበት አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራውን ሲያወጣ ሴቶቹን እንዲሁ አልለቀቃቸውም፣ በትክክል መሰብሰባቸውን የሚያሳይ የግፊት መለኪያ ነበረው። ቪዲዮው ላይ የሚቀረው ይሄ ነው።

ሌላው ከዚህ የባሰው፣ የሁሉም ሴት ችግር መላላት አይደለም። ጡንቻው ከመጠን በላይ ተኮማትሮ መልቀቅ የሚያቅተውም አለ። ግንኙነት ላይ የምታመም፣ ሽንቷ ሲወርድ የሚቆራረጥባት፣ ስትጸዳዳ መንገዱ ዝግ የሚልባት፣ የተሰፋችበት ወይም የተገረዘችበት ጠባሳ የሚይዛት ሴት እላዩ ላይ ኬግል ስትጨምርበት ሊብስባት ይችላል። ለእሷ የሚሰጠው ተቃራኒው ነው፦ ሆድ ድረስ የሚገባ ረጅም ትንፋሽ፣ ዳሌን የሚከፍት መተጣጠፍ፣ ጠባሳውን ማሸት፣ መልቀቅን መማር። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመርሽ በፊት ተመርመሪ የምለው ለወግ አይደለም።

የመላላት ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ይሄ ነው። ጉልበትሽን አጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ። ነውር አይሁንብኝና፣ ሰው መሀል ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል እንደምትይዢው ከኋላ ጀምረሽ ወደ ፊት ሰብስቢ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አንሺው። ቂጥና ጭን አይሠሩም፣ ትንፋሽ አይያዝም። መጀመሪያ ሦስት አራት ሴኮንድ መያዝ ይበቃል፣ ቀስ እያልሽ ወደ 10 ታደርሺዋለሽ። የያዝሽውን ያህል አሳርፊው፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው፣ መልቀቁም ሥራ ነው። 8 ጊዜ ያህል፣ በቀን 3 ዙር። ከዚያ ፈጠን ፈጠን ያሉ ጥቂት ትጨምሪበታለሽ። ሲለመድ ቁጭ ብለሽ፣ በኋላም ቆመሽ። ሽንትሽን መሀል ላይ እያቆምሽ ግን አትለማመጂ፣ ፊኛው በደንብ ሳይወርድለት ይቀራል።

እኔን ቶሎ የጠቀመችኝ ትንሿ ዘዴ ናት፦ ማስነጠሱ ሲመጣ ቀድመሽ ሰብስቢ፣ ከዚያ አስነጥሺ። ልጁን ስታነሺ፣ ጄሪካን ስታነሺም እንደዚያው፣ ሰብስበሽ፣ ትንፋሽ እያወጣሽ ተነሺ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሙሉውን 20 ኪሎ ነው፣ ትንፋሽ ይዘሽ ስታነሺው ግፊቱ ወደ ታች ነው የሚሄደው። የሚያነሳልሽ ሰው ካለ አሁን ላይ አታነሺ። ባልሽም እጅ አለው።

ልምምዱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በሳምንት ምንም አታዪም። የእኔ ለውጡ የታወቀኝ ወር ካለፈ በኋላ ነው፣ ሞዴሱን የጣልኩት ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ። በሥራ የተወጠርኩ ሰሞን ስተወው ይመለስ ነበር። ልጅ እያጠባሁ ነው የምሠራው፣ ያኔ ሰዓቱ አይረሳም።

«ቁልፍ በሩ ላይ ሳስገባ አያስችለኝም» የሚለው ዓይነት ካለብሽ እሱ ሌላ ነው፣ ፊኛውን ማሠልጠን ይፈልጋል። ሲያጣድፍሽ አትሩጪ። ባለሽበት ቁሚ፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጊዜ ሰብስበሽ ልቀቂ፣ ማጣደፉ ሲበርድ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ከቤት በወጣሽ ቁጥር «ለማንኛውም» ብሎ መሽናትም ፊኛውን በትንሹ መጣደፍ ያስለምደዋል። ውሃ አትቀንሺ፣ የተጠራቀመ ወፍራም ሽንት ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፣ ሆድም ያደርቃል። መቀነስ ያለበት ቡናው ነው። አዎ፣ አቦል ቶና በረካ ሁሉ አይሆንም፣ እኔም አዝኜ ነው የተለማመድኩት። ለሆድ ድርቀቱ ተልባው አለልሽ፣ መቀመጫ ባለው ሽንት ቤት ከሆነ ደግሞ እግርሽን ዝቅተኛ በርጩማ ላይ አድርጊ፣ ማማጡን ይቀንስልሻል።

ፊዚዮቴራፒ የማይፈታውንም ልንገርሽ። ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከረጅም ምጥ በኋላ፣ ፌስቱላ (በፊኛውና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ቀዳዳ በልምምድ አይዘጋም። አዲስ አበባ ያለው ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ይሄን በነፃ ያክማል፣ ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ማዕከላት አሉት። እዚያም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው ጋር ፊዚዮቴራፒ አለ። የሆነ ነገር ወደ ታች የወረደብሽ ከመሰለሽ፣ ወይ በእጅሽ የሚነካ እብጠት ካለ የማህፀን ሐኪም ይይሽ፤ ገና ጀማሪ ከሆነ ልምምዱ ይረዳል፣ ከገፋ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ወይም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ሽንት ሲያቃጥል፣ ትኩሳት ወይም ደም ሲኖርበት መጀመሪያ ላብራቶሪ። ብልትና ቂጥ አካባቢ ከደነዘዘሽ፣ እግርሽም ከዛለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ባለሙያ ማግኘቱ ላይ፣ ፊዚዮቴራፒስት ሁሉ ይሄን አይሠራም፣ አብዛኞቹ ወገብ፣ ስብራትና ስትሮክ ላይ ናቸው። ካርድ ከማውጣትሽ በፊት ደውለሽ «ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣት ሴት የዳሌ ወለል የሚሠራ ሰው አላችሁ?» በይ። የማህፀን ሐኪምሽንም ሪፈር ጠይቂ።

ወንድ ስለሚሆንብሽ ነገር፣ ሲደወል «ሴት ናት?» ማለት ነውር የለውም፣ እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት። ሴት ከሌለች ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። የውስጥ ምርመራውንም ዛሬ አልፈልግም ብትይ መብትሽ ነው። ከውጭ በማየት ወይም አልትራሳውንዱን ሆድሽ ላይ አድርገው መሰብሰብሽን ማየት ይችላሉ፣ ትምህርቱም ልብስሽን እንደለበስሽ ሊጀመር ይችላል። ያቺን የሽንት ወረቀት ግን ከአሁኑ ለሦስት ቀን ሞልተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነው።