ከእናንተ የሚያንስ ተጫዋች ሲያሸንፋችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ፖከርን መተዳደሪያዬ አድርጌ ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ። ዛሬ ከመጫወት ይልቅ ከጀማሪዎች ጋር በመነጋገር የማሳልፈው ጊዜ ይበልጣል። ከእናንተ ከምሰማቸው ቅሬታዎች ውስጥ አንዱ ሳያቋርጥ ይመላለሳል፤ እርሱም ስለ ብርቱ ተጋጣሚ አይደለም። በብርቱ ሰው መሸነፍን ትችሉታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም በኩራት ታወሩታላችሁ። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ያገኘውን ካርታ ሁሉ ይዞ የሚገባው፣ ውርርድ ሲጨመርበት የማያመነታው፣ በመጨረሻዋ ካርታ ሁለት ጥንድ ሠርቶ ገንዘባችሁን ሰብስቦ የሚወስደው ሰው ነው። «እንዲህ የሚጫወት ሰው እንዴት ያሸንፈኛል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ከልብ የወጣ ስለሆነ ከልብ መመለስ አለበት።

ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ሌሎች አምስት ካርታዎች ደግሞ መሐል ላይ ለሁሉም በጋራ ይገለጣሉ። ለብቻ ከሚታደሉት ሁሉ የሚበልጠው ጥንድ ኤስ ነው። በጣም ደካማ ከሚባሉት አንዱ ደግሞ ምልክታቸው የተለያየ ሰባትና ሁለት ናቸው። የጋራዎቹ አምስት ካርታዎች ሳይገለጡ ሁለቱ ያላቸውን ሁሉ ቢያስይዙ ኤሶቹ የሚያሸንፉት 88 በመቶ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ከስምንት አንድ ጊዜ ያህል ሰባትና ሁለት ያሸንፋሉ። ጥንድ ኤስ ከጥንድ ኪንግ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የማሸነፍ ዕድሉ 82 በመቶ ያህል ነው። አሁን በአንድ ምሽት አራት ጊዜ 80 በመቶ ዕድል ይዛችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን አስያዛችሁ እንበል። አራቱንም የማሸነፍ ዕድላችሁ 41 በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ቢያንስ አንዴ መሸነፋችሁ ሁሉንም ከማሸነፋችሁ ይልቅ የሚጠበቅ ነበር። ተበደልሁ ብላችሁ የተነሣችሁበት ምሽት በአብዛኛው ተራ ምሽት ነው።

«ውርርዴን የሚያከብርልኝ የለም፤ ሁሉም ተከትሎኝ ይገባል፤ ኤሶቼም ይሸነፋሉ» የሚለው ቅሬታ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የተሳሳተ ነገር የምትማሩት ከዚህ ነውና። ጥንድ ኤስ ምን እንደያዘ ከማይታወቅ አንድ ተጋጣሚ ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል፤ ከአምስት ጋር ግን ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። ስሌቱን እስከ መጨረሻው ሥሩት። ተጋጣሚያችሁ አንድ ሲሆንና እያንዳንዳችሁ 10 ቺፕ ስታስገቡ መሐል ላይ 20 ይከማቻል። ከዚያ ውስጥ በአማካይ 17 የእናንተ ነው፤ ትርፋችሁም 7 ቺፕ ይሆናል። አምስት ሰዎች ሲከተሏችሁ 60 ቺፕ ይከማቻል፤ የ49 በመቶው ድርሻችሁ ከ29 ቺፕ ይበልጣል፤ ትርፋችሁም ከ19 በላይ ነው። ከግማሽ በላዩን ጊዜ ትሸነፋላችሁ፤ የምታገኙት ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህ ከዚያ በኋላ ውርርድ እንደሌለ ብንቆጥር ነው፤ በእውነተኛ ጨዋታ ከብዙ ሰው ጋር ቀሪዎቹን ካርታዎች መጫወት ይከብዳል። ሆኖም ነገሩን ስሙልኝ፦ ደካማ ተጫዋቾች በበዙበት ጠረጴዛ የሽንፈት ብዛትና የገቢ ብዛት አብረው ያድጋሉ። ሽንፈቱ በዓይናችሁ ይታያል፤ ገቢው በአማካይ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በዚህ ምክንያት ስሜታችሁና ሒሳባችሁ ተቃራኒ ወሬ ይነግሯችኋል፤ ማመን ያለባችሁ ሒሳቡን ነው።

አማካዩ እስኪገለጥ የሚፈጀውን ጊዜም አሳጥራችሁ አትገምቱት። ቢግ ብላይንድ ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚከፈለው ትልቁ መነሻ ውርርድ ነው፤ ትርፍና ኪሳራም በእርሱ ይለካል። በየ100 ዙሩ 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ተጫዋች ጎበዝ ነው። በሌላ በኩል ውጤቱ በየ100 ዙሩ በ90 ቢግ ብላይንድ ያህል ከፍ ዝቅ ቢል የተለመደ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ስታሰሉት ይህ ጎበዝ ተጫዋች ከ10,000 ዙር በኋላ ኪሳራ ላይ የመገኘት ዕድሉ 29 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 30 ዙር ያህል ቢጫወት 10,000 ዙር ከ330 ሰዓት በላይ ነው። እናንተ ግን ቅዳሜ ማታ በደረሰባችሁ ነገር ሙያችሁን ትመዝናላችሁ።

ቼዝን ተመልከቱ። ዕድል ስለሌለበት ጀማሪ ሊቁን አያሸንፍም፤ ለዚህም ነው ጀማሪው ከሊቁ ጋር በየምሽቱ ገንዘብ አስይዞ የማይቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በተካሄደ፣ ከ100 ዶላር ባነሰ ክፍያ በገባበት ማጣሪያ አልፎ ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር በሚባለው ታላቅ ውድድር ተሳተፈ። 839 ሰዎች በተወዳደሩበት ዋና ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት የተወዳዳሪው ቁጥር 2,576 ደረሰ፤ በ2006 ደግሞ 8,773። ሕዝቡ የጎረፈው ተራ ሰው ማሸነፍ እንደሚችል በዓይኑ ስላየ ነው። የሚያናድዳችሁ ነገርና የሚያበላችሁ ነገር አንድ ነው። ደካማው ጨርሶ የማያሸንፍበት ፖከር ቢኖር ኖሮ ደካማው አይመጣም ነበር፤ ለእኔም መተዳደሪያ አይሆነኝም ነበር።

በዚያው ውድድር የሆነ አንድ ዙር ደግሞ ስለ ማስታወስ ችሎታችን ብዙ ያስተምራል። አሥር ተጫዋቾች ሲቀሩ መኒሜከር ኤስና ኩዊን፣ ታላቁ ተጫዋች ፊል አይቪ ጥንድ ዘጠኝ ይዘው ተገናኙ። አራቱ ካርታዎች ተገልጠው አይቪ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነትና ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ) ሠርቶ ሳለ ሙሉ ገንዘቡ መሐል ገባ። በመጨረሻዋ ካርታ ኤስ መጣች፤ መኒሜከር የሚበልጥ ፉል ሃውስ ሠራና አይቪ ተሰናበተ። መኒሜከርን ሊያድኑት የሚችሉት ካርታዎች ከ44ቱ 7 ብቻ ነበሩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚህ ጋ ተጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተገለጡት ሦስት ካርታዎች ግን ሁለት ኩዊንና አንድ ስድስት ነበሩ፤ መሪው መኒሜከር ነበር። አይቪን ያዳነችው ዘጠኝ የመጣችው ከ45 ካርታዎች ሁለቱ ብቻ ሊረዱት በሚችሉበት ሰዓት ነው። የዕድል ክፋት የምንቆጥረው ካመመን ቦታ ጀምረን ነው። እናንተም የተወሰደባችሁን ስትተርኩ ከአንድ ካርታ በፊት ጀምሩት፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ታሪክ ታገኛላችሁ።

ንዴት ራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ንዴቱ ካርታ መጫወት ሲጀምር ነው። ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ይህ ሁኔታ በጩኸት ብቻ አይገለጥም፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰውም ውስጡ ነዶ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ከአንድ ሰዓት በፊት ትጥሉት የነበረውን ካርታ ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ከጠረጴዛው ሰዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ታያላችሁ፤ ገንዘቡን ሳይሆን ያንኑ ገንዘብ ከእርሱ እጅ መመለስን ትፈልጋላችሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ በዚህ ስሜት የሚደረግ ውርርድ የሚያርፈው ሥጋ በሌለበት ቦታ ነው። በጣም የማዝነው የናደደው ልጅ ያን ካርታ የማይጥል ሰው፣ ራሱ ጥሩ ካርታ ሳይኖረው፣ በትልቅ ውርርድ ለማስፈራራት ሲሞክር ሳይ ነው። የሰውየው ድክመት ሁሉን መከተሉ ነው፤ ስለዚህ አይፈራም። ከእንዲህ ዓይነት ሰው የሚገኘው ጥቅም በሌላ በኩል ነው፤ ጥሩ ካርታ ስትይዙ ከወትሮው ትልቅ ውርርድ አድርጉ፤ ለሌላ ሰው በቂ አይደለም ብላችሁ በምትተዉት መካከለኛ ካርታም ለእርሱ ዋጋ ጠይቁት። «ደካማ ነው» ማለት ብቻውን እውቀት አይደለም። በምን ደካማ እንደሆነ መናገር ካልቻላችሁ ገና አልተመለከታችሁትም።

እግረ መንገዴን፣ በጠረጴዛ ላይ ሰውን አትገሥጹ። «በዚህ ካርታ እንዴት ትገባለህ?» ማለት ያሳፍረዋል፤ ያፈረ ሰው ወይ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ወይ ተጠንቅቆ ይጫወታል። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለ። ሰውየው የመጣው በገዛ ገንዘቡ ሊደሰት ነው፤ እናንተ ባነበባችሁት መንገድ የመጫወት ግዴታ የለበትም፤ ክብር ይገባዋል።

በተግባር የማደርገው ጥቂት ነው። ያናደደኝን ዙር እጽፈዋለሁ፦ ገንዘቡ መሐል ሲገባ ማን ምን ይዞ ነበር፣ ያኔ ዕድሌ ስንት ነበር። ጽፌ እነሣለሁ፤ የምመረምረው ግን በማግስቱ ነው። ውሳኔው ትክክል ሆኖ ካገኘሁት ደግሜ አልመለስበትም። የቲልትን ምልክት በራሴ ላይ ካየሁ ደግሞ በውጤቱ አልደራደርም፤ ያን ምሽት ጨዋታው አብቅቷል። ለጨዋታ የለየሁት ገንዘብም ወደ አንድ ጠረጴዛ ይዤ ከምቀመጠው ቢያንስ 30 እጥፍ ነው፤ አንድ ሽንፈት ኑሮን የሚነካ ከሆነ በምንም ምክር ልብ አይረጋምና።

በታማኝነት የምትመረምሩት አንድ ነገር ይቀራል። አጫዋቹ ቤት ከሚከማቸው ገንዘብ ኮሚሽን ይቆርጣል። ስለዚህ ከሌሎቹ በጥቂት የምትበልጡ ብትሆኑም እንኳ በረጅሙ ልትከስሩ ትችላላችሁ። በብዙ አሥር ሺህ ዙሮች የተመዘገበው ውጤታችሁ ኪሳራ ካሳየ ደካማ የምትሉት ሰው ላይ ማተኮር ትታችሁ ጨዋታችሁን ለሚበልጣችሁ ሰው አሳዩ። የጠፋውን ለማስመለስ መጠኑን የምትጨምሩ፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት የተያዘውን የምትነኩ፣ ወይም ሽንፈታችሁን ከቤተሰብ የምትደብቁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከተጋጣሚያችሁ ችሎታ ጋር ግንኙነት የለውም። ያን ጊዜ ዛሬውኑ ጨዋታውን አቁሙ፤ ለምታምኑት ሰው ሙሉውን ቁጥር ንገሩት፤ የቁማር ሱስን የሚያክም ባለሙያም አማክሩ።